ማታ ማታ ብቻ የሚጠፉ ካሜራዎች፣ ፒኦኢ ስዊች የገባው ሰው ይርዳኝ (ኮምቦልቻ)

ኬብል_ከደሴ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ፣ ይሄ ጉዳይ እንቅልፍ ስለነሳኝ ትንሽ ቢረዝምም ታገሱኝ። ደሴ ነው የምሰራው፣ ካሜራና ዋይፋይ መግጠም ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ኮምቦልቻ አንድ ፔንሲዮን ላይ ሥራ ጨረስኩ፣ 16 ፖርት ያለው ማኔጅድ ፒኦኢ ስዊች፣ 11 ቋሚ ካሜራ፣ ዋናው በር ላይ አንድ የሚዞር ፒቲዜድ፣ ሦስት የዋይፋይ አክሰስ ፖይንት። ሁሉም ዳታውንም መብራቱንም የሚያገኘው በዚያው በአንዱ ኬብል ነው፣ ፒኦኢ የሚባለው ይሄ ነው፣ ካሜራዎቹ ጋ ሶኬት የሚባል ነገር የለም።

ቀን ቀን ሁሉም ሰላም ነው። ማታ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ልክ ዓይን ሲይዝ የበሩ ፒቲዜድ ይጠፋል፣ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ይመጣል፣ ደሞ ይጠፋል፣ እንዲህ ሲል ያድራል። ፖርት 14 እና 15 ላይ ያሉት የጓሮ ካሜራዎች ደግሞ ጭራሽ ጠፍተው አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ። ሲነጋ ሁሉም ይመለሳሉ። ባለቤቱ ሀጂ ጨዋ ሰው ናቸው፣ አንድ ቀን ድምፃቸውን ከፍ አድርገውብኝ አያውቁም፣ ግን ትናንት "ልጄ፣ ካሜራውን ያስገባነው ለሌሊቱ አልነበረም እንዴ?" ሲሉኝ ወላሂ የምገባበት ጠፋኝ።

የበሩን ካሜራ በሌላ ቀየርኩት ያው ነው። ስዊቹን ሪስታርት አደረግኩ ያው ነው። የበሩ ኬብል 90 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ካት 6 ነው ተብሎ የገዛሁት ካርቶን ነው፣ ቴስተር ላይ ስምንቱም በተራ ይበራል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ እንደው ከመሠረቱ መብራትና ዳታ በአንድ ሽቦ ሄደው እንዴት ነው የማይደባለቁት? እስከዛሬ ስሰካው ይሰራል ብዬ ነው የምገጥመው። የፔንሲዮኑ ሂሳብ ሠራተኛ "ላፕቶፔን ብሰካበት አይቃጠልም ወይ" ብላ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁ።

ቦርከና_ማዶ፦

አብሽር ወንድሜ፣ ካሜራው ጤነኛ ነው፣ ካሜራ መቀየር ተው።

"ማታ ብቻ" ያልከው ግማሹን መልስ ይዞታል። ሲጨልም ካሜራው የሌሊት መብራቱን፣ ያን ቀላ ቀላ የሚለውን ኢንፍራሬድ ያበራል፣ ቀን 5 ዋት ሲበላ የዋለው ማታ ዘጠኝ አስር ይገባል። ፒቲዜድ ሲሆን ሞተሩ አለ፣ መብራቱም ትልቅ ነው፣ 25 ዋት ሊጠይቅህ ይችላል። አሁን ስዊቹ ጀርባ ላይ ስንት ዋት ተጽፏል? 16 ፖርት አለው ማለት ለ16ቱም ሙሉ ይሰጣል ማለት አይደለም፣ ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት። ፖርቱ እያንዳንዱ እስከ 30 ዋት ይችላል፣ ፓወር ሰፕላዩ ግን ለሁሉም የሚያካፍለው የተወሰነ ነው፣ ያ ነው ፓወር በጀት የሚባለው።

ማኔጅድ ስለሆነ እድለኛ ነህ፣ ዌብ ገጹ ላይ ግባና ፒኦኢ የሚለውን ክፈት፣ እያንዳንዱ ፖርት ስንት ዋት እየበላ እንደሆነ፣ ቮልቱን፣ አምፔሩን ያሳይሃል። ቀን አንዴ ማታ አንዴ ጻፈውና አምጣ። ሎጉንም አትርሳ፣ ስዊቹ ፖርት ሲዘጋ ለምን እንደዘጋ ይጽፋል።

ኬብል_ከደሴ፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ጀርባው ላይ 150 ዋት ይላል። ዛሬ ቀን 8 ሰዓት ላይ ጠቅላላው 94 ዋት ነበር። ማታ እዚያው ቁጭ ብዬ አየሁት፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቁጥሩ ወደላይ ሄደ ሄደና 150 ሊነካ ሲል 15 ተዘጋ፣ ከዚያ 14 ተዘጋ፣ ሎጉ ላይ በጀት አልፏል የሚል ነው። የበሩ ፒቲዜድ ግን ፖርት 3 ላይ ነው የእሱ ሎግ ሌላ ነው፣ ኦቨርሎድ ይላል። ፒቲዜዱ ሲጠፋ ደግሞ 14 እና 15 ይበራሉ፣ ሲመለስ ይጠፋሉ። ተራ የያዙ ነው የሚመስለው።

ቦርከና_ማዶ፦

ጎበዝ፣ ቁጭ ብሎ ማየት ነው ዋናው።

እንግዲህ ሁለት በሽታ ነው ያለብህ፣ አንዱ ሌላውን ሸፍኖታል። 14 እና 15 የጠፉት በጀቱ ስላለቀ ነው። ፕራዮሪቲ ካልሰጠህ ሁሉም እኩል ናቸው፣ እኩል ሲሆኑ ደግሞ አብዛኛው ስዊች ቁጥሩ ትንሽ የሆነውን ፖርት አስቀርቶ ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን ነው የሚቆርጠው፣ ስለዚህ ኋላ የሰካሃቸው ተቀጡ። ፒቲዜዱ ሲወድቅ 30 ዋት ገደማ ይለቀቃል፣ ያን ጊዜ እነሱ ይገባሉ፣ ሲመለስ ይወጣሉ።

ፒቲዜዱ ራሱ ግን በጀት አላነሰውም፣ ኦቨርሎድ ካለ ያ ፖርት ብቻውን ከ30 ዋት በላይ ጎትቷል ማለት ነው። 25 ዋት የሚል ካሜራ እንዴት ከ30 በላይ ይጎትታል? እኔ ኬብሉን ነው የምጠረጥረው። የቀረህን ቁራጭ በምላጭ ፋቀው፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ አይደለም፣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ሲሲኤ የሚሉት። ካርቶኑን ስትሸከመው ቀለል ብሎህ አልነበረም?

እታለም_ሐይቅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ሁለተኛውን ጥያቄ ለእኔ ተዉልኝ፣ ደስ የሚለኝ እሱ ነው።

ወንድሜ፣ ሰኞ ገበያ ላይ ባለ ሁለት ሰሃን ሚዛን አይተህ ታውቃለህ። ሁለቱም ሰሃን ላይ አንድ አንድ ኪሎ ብትጨምር መርፌው አይነቃነቅም፣ የሚነቃነቀው አንዱ ከሌላው ሲበልጥ ብቻ ነው። ዳታው እንደዚያ ነው። አንድ ጥንድ ሽቦ፣ ለምሳሌ ብርቱካናማውና ነጭ ብርቱካናማው፣ ምልክቱን ይዘው የሚሄዱት በልዩነት ነው፣ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል፣ ተቀባዩ የሚያነበው በሁለቱ መሀል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ስዊቹ መብራቱን ሲጨምር ለጥንዱ ሁለት ሽቦዎች እኩል ነው የሚጨምረው። ሁለቱም ሰሃን ላይ እኩል ተጫነ ማለት ነው፣ መርፌው ስለ 48 ቮልቱ ምንም አያውቅም።

ይሄን የሚሠራው ፖርቱ ውስጥ ያለው ትንሽ ትራንስፎርመር ነው። መብራቱ በጥቅልሉ መሀል ላይ ይገባል፣ ከመሀል ስለገባ ለሁለቱ ሽቦ እኩል ይካፈላል። በአንዱ ጥንድ ይሄዳል፣ በሌላው ጥንድ ይመለሳል። ወይ በ1፣2 እና 3፣6 ነው፣ ወይ በ4፣5 እና 7፣8 ማለትም ሰማያዊውና ቡናማው ነው። 100 ሜጋ ላይ ሰማያዊና ቡናማው ለዳታ ሥራ ፈት ናቸው፣ ጊጋቢት ላይ ግን አራቱም ጥንድ ዳታ ይሸከማል፣ ቢሆንም በዚያው በሚዛኑ ዘዴ መብራቱ አብሮ ያልፋል።

ላፕቶፕ አይቃጠልም። ስታንዳርዱን የሚከተል ስዊች ሳይጠይቅ መብራት አይለቅም። መጀመሪያ ከ3 እስከ 10 ቮልት በሚሆን ትንሽ ቮልቴጅ ኬብሉን ይዳስሳል፣ ወዲያ ማዶ 25 ኪሎ ኦም የሚሆን ሬዚስተር ይፈልጋል። ፒኦኢ የሚቀበል ዕቃ ሁሉ ያቺ ሬዚስተር አለችው፣ ላፕቶፕ የለውም፣ ስለዚህ ስዊቹ ዳታውን ብቻ ሰጥቶ ይተወዋል። ሬዚስተሯን ካገኘ ቮልቱን ከ15 እስከ 20 አካባቢ ያደርግና ክላስህ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል፣ ካሜራው በሚስበው ትንሽ ከረንት ይመልሳል። ክላስ 1 ከሆነ 4 ዋት፣ ክላስ 2 ከሆነ 7፣ ክላስ 3 ከሆነ 15.4፣ ክላስ 4 ከሆነ 30። ከዚያ ነው ሙሉውን 48፣ 50 ምናምን ቮልት የሚለቀው። ለቆም አይተወውም፣ ካሜራውን ስትነቅለው ከረንቱ ከ10 ሚሊ አምፔር በታች ይወርዳል፣ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ መብራቱን ይዘጋል፣ ለዚያ ነው ባዶውን የኬብል ጫፍ ብትይዘው የማይነዝርህ።

አሁን ወደ በሩ ካሜራ። ሂደህ ለካልኝ። ኬብሉን ከሁለቱም ወገን ንቀል፣ በሩ ጋ ብርቱካናማውንና ነጭ ብርቱካናማውን አጠማዝዘህ አገናኝ፣ ስዊቹ ጋ ሁለቱን በመልቲሜትር በኦም ለካ። 90 ሜትር ጥሩ መዳብ ከሆነ 15 ኦም አካባቢ ነው የሚመጣው።

ወልድያ_ላይ_ያለሁ፦

መምህርት ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሳይጠይቅ አይለቅም ያሉት ለስታንዳርዱ ነው። ኢንጀክተር ማለት ኬብሉ ላይ መብራት የሚጨምር ትንሽ ሳጥን ነው፣ ፓሲቭ የሚባሉ 24 ቮልት ኢንጀክተሮች አሉ፣ እነሱ አይጠይቁም፣ ሶኬት ላይ ከተሰኩበት ደቂቃ ጀምሮ ሽቦው ላይ 24 ቮልት አለ። እኔ ባለፈው ዓመት ጣሪያ ላይ ካለ አንቴና የመጣውን ኬብል ኢንጀክተሩ ላይ የቱ ፖርት የመብራት የቱ የዳታ እንደሆነ ሳላይ የደንበኛ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ የኔትወርክ ካርዱን ገድዬበታለሁ፣ ከኪሴ ነው የከፈልኩት። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ካሉ በማርከር ጻፉበት፣ ፓሲቩን ለይታችሁ ጻፉበት።

ስለ በጀቱ ደግሞ፣ ብራዘር ማኔጅድ አይደል እንዴ፣ ሰዓት ያለው ሴቲንግ አለው፣ አክሰስ ፖይንቶቹን ማታ በሰዓት ዝጋቸው፣ 27 ዋት ትቆጥባለህ፣ ብር ሳታወጣ ይሄው።

ቦርከና_ማዶ፦

ሰዓቱ አይሆንም የኔ ወንድም። ካሜራው ብዙ መብላት የሚጀምረው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ እንግዳው ደግሞ ክፍሉ ገብቶ ዋይፋይ የሚፈልገው ልክ ያኔ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ የምግብ ቤቱን አክሰስ ፖይንት ብትዘጋ ጥሩ ነው፣ የምሽቱን ችግር ግን አይፈታም። ፔንሲዮን ዋይፋይ ከሌለው ሀጂ ሌላ ጥያቄ ያመጣሉ።

ኬብል_ከደሴ፦

ለካሁ። 36 ኦም።

የተረፈኝን ቁራጭም ፋቅኩት፣ ነጭ ነው። ሦስቴ አራቴ አጥፌ ስዘረጋው ተሰበረ። ከላዩ ላይ ካት 6 ተብሎ ተጽፏል፣ ገንዘብ ከፍዬበታለሁ፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

እታለም_ሐይቅ፦

አይዞህ። ካት 5ኢ ይሁን ካት 6 ስታንዳርዱ መዳብ ነው የሚለው፣ አሉሚኒየም ገብቶበት ካት 6 ብሎ መጻፍ ውሸት ነው። የአንተ ቴስተር ሽቦው ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም ብቻ ነው የሚያየው፣ ስንት ኦም እንደሆነ አይነግርህም፣ ስለዚህ አንተ አላጠፋህም።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። 36 ኦም ያልከው የአንድ ጥንድ ሄዶ መመለሻ ነው፣ ስለዚህ አንዱ ሽቦ 18 ኦም ነው። መብራቱ ሲሄድ በጥንዱ በሁለቱም ሽቦ እኩል ስለሚሄድ ግማሽ ይሆናል፣ 9 ኦም፣ ሲመለስም በሌላው ጥንድ 9፣ ድምር 18። የ30 ዋቱ ስታንዳርድ፣ በፈረንጆች የ2009ኙ ማለቴ ነው፣ የሚፈቅደው 12.5 ኦም ነው። አሁን ስዊቹ ላይ 52 ቮልት አለህ እንበል፣ ካሜራው 25 ዋት ሲፈልግ 0.61 አምፔር መሳብ አለበት፣ ኬብሉ ላይ የሚቀረው 0.61 በ0.61 በ18፣ ወደ 6.7 ዋት ነው። ካሜራው ጋ የሚደርሰው 41 ቮልት ብቻ ነው፣ ከስዊቹ የሚወጣው ግን 31.7 ዋት ነው። ፖርቱ 30 ላይ ይቆርጣል። ካሜራው ይሞታል፣ ተመልሶ ሲነሳ መብራቱን ያበራል፣ ሞተሩን ያዞራል፣ ደሞ 31 ይደርሳል፣ ደሞ ይቆረጣል።

እዚህ ላይ ከረንቱ በራሱ መባዛቱን እዩልኝ። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ኬብሉ ላይ የሚጠፋው አራት እጥፍ ነው፣ ስለዚህ ያው ርካሽ ኬብል ቀን በ12 ዋት ምንም ሳይል ይውልና ማታ ይጥልሃል። የፋብሪካ ቁጥሮቹም ከዚህ ነው የመጡት። በፈረንጆች የ2003ቱ ስታንዳርድ ስዊቹ 15.4 ዋት ይሰጣል ካሜራው 12.95 ይደርሰዋል ይላል፣ ብዙ ሰው ይሄ ከየት መጣ ይላል። 44 ቮልት ላይ 0.35 አምፔር፣ ኬብሉ 20 ኦም ቢሆን 0.35 በ0.35 በ20 ብለህ አስላው፣ 2.45 ይመጣል፣ ከ15.4 ቀንስ። 30 እና 25.5 የሚባለውም እንዲሁ ነው፣ 0.6 በ0.6 በ12.5፣ 4.5 ዋት። ተማሪዎቼ ይሄን ራሳቸው ሲያገኙት ፊታቸው ላይ የማየው ደስታ ሌላ ነው።

ያንኑ በ15 ኦም መዳብ ብትሠራው ኬብሉ የሚወስደው 2 ዋት ብቻ ነው፣ ከስዊቹ 27 ይወጣል፣ ፖርቱ ይችለዋል።

ቦርከና_ማዶ፦

ተምሬያለሁ እህቴ፣ አላህ ይስጥሽ። እኔ 20 ዓመት በእጄ ሳውቀው የነበረውን ነው በቁጥር ያስቀመጥሽልኝ።

ኬብሉን ስትቀይር ግን በጀቱ አሁንም ይጎድልሃል ወንድሜ። 11 ካሜራ በ9.5 ዋት 104 ተኩል ነው፣ ፒቲዜዱ 27፣ አክሰስ ፖይንቶቹ 27፣ 158 ተኩል ይመጣል፣ ያለህ 150 ነው። ሁለቱን አክሰስ ፖይንት ስዊቹ አጠገብ በየራሳቸው ኢንጀክተር አውጣቸው፣ 18 ዋት ትለቃለህ፣ 140 ምናምን ላይ ትቀመጣለህ። ፒቲዜዱን አውጣ የሚልህ ሰው ይኖራል፣ እኔ አላወጣውም። የሚዞር ካሜራ አንዳንዴ ይደርቃል፣ ስዊቹ ላይ ካለ ደሴ ቤትህ ሆነህ ፖርት 3ን ዘግተህ መክፈት ትችላለህ፣ ኢንጀክተር ላይ ከሆነ ግን ለእሱ ብለህ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን መውረድ ነው።

ከዚያ ፕራዮሪቲ ስጥ፣ በርና ገንዘብ ቤት ክሪቲካል፣ ጓሮ ሃይ፣ የቀረው አክሰስ ፖይንት ሎው። አንድ ቀን ቢጎድል የሚጠፋው አንተ የመረጥከው ይሆናል። የእንግዳ ዋይፋይና ካሜራውን በቪላን፣ ማለትም አንዱን ስዊች እንደ ሁለት የተለያየ ኔትወርክ በመክፈል፣ መለየትህንም እይ፣ አንድ ላይ ከሆኑ እንግዳ ካሜራ ያያል።

ላስታ_ልጅ፦

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ፣ ላሊበላ ነኝ። 90 ሜትር በሜዳ ላይ ነው ወይስ በመሬት ውስጥ? ሐምሌና ነሐሴ መብረቅ አለ። ቀጥታ ባይመታው እንኳ አጠገቡ ሲወድቅ ረጅም ኬብል ላይ ቮልቴጅ ያስነሳል፣ እሱ መጥቶ የሚገባው ስዊቹ ውስጥ ነው። እኛ ጋ ባለፈው ክረምት በአንድ ኬብል ስምንት ፖርት ሞቷል። በሁለቱም ጫፍ ለፒኦኢ የሚሆን የመብረቅ መከላከያ አድርግና በደንብ ኧርዝ አስረው፣ ኧርዝ ያልታሰረ መከላከያ ምንም አይከላከልም። ገንዘብ ካለ እስከ በሩ ፋይበር ጎትተህ እዚያ ዘበኛው ቤት ካለው መብራት ትንሽ ፒኦኢ ስዊች ማድረግ ይሻላል፣ በፋይበር ላይ መብረቅ አይሄድም፣ ግን ያኔ በሩ ላይም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዝ) ያስፈልግሃል።

ዩፒኤስ ስንል፣ ኮምቦልቻም መብራት እንደኛው ይሄዳል መቼም። የፒኦኢ ጥቅሙ ስዊቹን ብቻ ዩፒኤስ ላይ ካስቀመጥክ ካሜራው ሁሉ አብሮ መኖሩ ነው። ግን ማታ 140 ዋትና የስዊቹ የራሱ፣ ኤንቪአሩ (ቪዲዮውን የሚቀዳው) ሲጨመር ትንሿ ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሽ ሰዓት አትሞላም። ለሀጂ አስቀድመህ ንገራቸው።

ኬብል_ከደሴ፦

ወገኖቼ ሳምንት ቆይቼ መጣሁ። ኬብሉን ከሌላ ሱቅ ገዛሁ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ አስፍቄ ቀይ መሆኑን አይቼ ነው ብር የከፈልኩት፣ ባለ ሱቁ አልተቆጣም። ለውጪ የሚሆን ጥቁሩን ነው የወሰድኩት፣ በፕላስቲክ ቱቦ መሬት ውስጥ ቀበርኩት፣ ዘበኛው ጋሼ ግማሹን ጉድጓድ ቆፈሩልኝ። ለካሁት፣ 15 ኦም ሆነ፣ መምህርት እንዳሉት ልክ 15። ሁለቱን አክሰስ ፖይንት በኢንጀክተር አወጣሁ፣ ፕራዮሪቲውን ሰጠሁ፣ ቪላኑም ተለየ። መከላከያውን በሁለቱም ጫፍ አድርጌያለሁ፣ ኧርዙን ከሕንፃው ዘንግ ጋር አሰርኩ። ፋይበሩን ሀጂ ለሚቀጥለው ዓመት ብለውታል።

የመጀመሪያውን ማታ እዚያው አደርኩ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቁጥሩ መውጣት ሲጀምር ልቤ ይመታ ነበር፣ 120፣ 130፣ 138፣ 141 ላይ ቆመ። ፖርት 3 ላይ 27 ዋት። 14 እና 15 በርተዋል። ሀጂ ቡና አስፈልተው ነበር፣ በረካው ሲቀዳ አጠገቤ ቁጭ ብለው "ይሄ 141 ምንድነው?" አሉኝ፣ ካሜራዎቹ ሁሉ አሁን የሚበሉት ነው፣ 150 ድረስ መብት አለን አልኳቸው። በሩን አዙርልኝ አሉኝ፣ አዞርኩት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው የግራር ቅርንጫፍ አንድ በአንድ ይታያል።

አሮጌው 90 ሜትር እቤት አለ። ለሰው አልሸጠውም፣ ወልድያ ያለኸው ወንድሜ እንዳልከው በማርከር ሲሲኤ ብዬ ጽፌበታለሁ። መምህርት፣ ለተማሪዎችሽ ልኬት ማሳያ የሚሆንሽ ከሆነ ቅዳሜ በሐይቅ በኩል ስለማልፍ ላምጣልሽ?

እታለም_ሐይቅ፦

አምጣው፣ በጣም ነው የምፈልገው። ከአዲሱም ሁለት ሜትር ቁራጭ ካለህ ጨምርበት፣ ሁለቱን ጎን ለጎን እናስፍቃቸዋለን።